አርባ አንድ በአርባ አንድ

«ተርፏል እኮ! አይታይህም? ይኸው አንድ ሙሉ ረድፍ ተርፏል!»

«የቱ ነው የተረፈው?»

«ይኼ!» ብሎ ግድግዳው ሥር ያለውን የመጨረሻውን የቆርኪ ረድፍ በጣቱ አሳየኝ። «አርባውን ረድፍ ገደፍን፤ ጣልን። አንዱ ቀረ። አርባ አንድ ተረፈ ማለት ነው። ተረፈ ያለው ቁጥር ደግሞ አይከፈልም።»

«እሱ ረድፍ ከሌሎቹ በምን ይለያል? እንደነሱ አርባ አንድ ቆርኪ ነው ያለው። መጨረሻ ላይ ስለደረደርኩት ነው የተረፈ የመሰለህ።»

«አንተ ግጥምህን ጻፍ። ቁጥር አትንካብኝ።»

እሑድ ነው፤ ቀትር አልፏል። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብረን በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ ነን። ከአልጋው እግር እስከ ግድግዳው ድረስ ወለሉ በቆርኪ ተሞልቷል፤ ከምሠራበት የፒያሳ ቡና ቤት በጆንያ ያጠራቀምኩት የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ነው። መርገጫ ስለጠፋ እኔ አልጋው ላይ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ጓደኛዬ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ደጃፉ ላይ ቆሟል። በመካከላችን ያለው ነገር ጠርዙ የተስተካከለ፣ በገመድ የተለካ የሚመስል አራት ማዕዘን ነው። ወርዱ አርባ አንድ ቆርኪ፤ ቁመቱም አርባ አንድ። አንድም አልጎደለም፤ አንድም አልተረፈም።

የቤቱ ባለቤት እትዬ ጭቅጭቃችንን ሰምተው ብቅ አሉና በጓደኛዬ ትከሻ ላይ አሻግረው አዩ።

«እናንተ! ቤቴን የመጠጥ ቤት ጓሮ አስመሰላችሁት እኮ!»

«ቁጥር ነው እትዬ» አልኳቸው።

«በቁጥርማ ግድግዳዬን ጨርሳችሁት የለ እንዴ? አሁን ደግሞ ወለሉን ልታስተምሩት ነው?» ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። «የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ይምከሩት ይህን ቀልቃላ።»

የኔታ የሚሉት ግማሹን በአክብሮት፣ ግማሹን በቀልድ ነው። ዕድሜው ሃያ አራት ነው፤ አፍንጮ በር አጠገብ ካለ አንድ የቄስ ትምህርት ቤት ለልጆች ፊደል ያስቆጥር ነበር። ነበር የምለው ያን ሰሞን ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ስለነበረ ነው። ለምን እንዳስረከበ እነግራለሁ። ያ እሑድ የከፋው በዚያ ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እኔ የምሠራበት ቡና ቤት ነው። አምስት ኪሎ ካለ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ መምህር ከሥራ መልስ እየመጡ ባንኮኒው ጥግ ተቀምጠው ሻይ በወተት ይጠጣሉ። ጓደኛዬ እኔን ሊጠብቅ ሲመጣ እሳቸው አጠገብ ይቀመጣል። አንድ ቀን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ነጭ ወረቀት አውጥተው ከሁለት እስከ መቶ ያለውን ቁጥር ጻፉ። ሁለትን ትተው ሁለት ሁለት እየዘለሉ ሰረዙ። ሦስትን ትተው ሦስት ሦስት እየዘለሉ ሰረዙ። አምስትንም፣ ሰባትንም እንዲሁ። ከዚያ ሳይሰረዝ የቀረውን በእስክሪፕቶው ጫፍ እየነኩ «ይህ ወንፊት ነው፤ እነዚህ ከወንፊቱ ላይ የቀሩት ናቸው» አሉን።

እኛ ብቸኛ አልናቸው። አሥራ ሁለት ቆርኪ የያዘ ሰው ሦስት ረድፍ አድርጎ አራት አራት ያሰልፈዋል፤ ቢሻው ሁለት ረድፍ አድርጎ ስድስት ስድስት። አሥራ ሦስት የያዘ ግን እንዴትም ቢያገላብጠው እኩል ረድፍ አይወጣለትም። ወይ ይተርፈዋል፣ ወይ ይጎድለዋል። አንድ ረዥም ሰልፍ አድርጎ ከመተው በቀር ምንም አያደርገውም። እኔ ነገሩን የወደድኩት እንደ ግጥም ነው፤ ከማንም ጋር የማይሰለፍ ቁጥር መኖሩ ደስ አለኝ። እሱ የወደደው በሌላ መንገድ ነበር። ወረቀቱን ከመምህሩ ለምኖ ወሰደው።

ብቸኞቹን ተራ በተራ የሚያወጣ፣ የማይሳሳት ሕግ ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው። መምህሩ ሳቁ። እንግሊዝኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚናገሩት።

«እኔ አላውቅም። አንተ አግኝ። የማይሳሳት ሕግ ካመጣህ እጅህን ይዤ ዳይሬክተሩ ጋ እወስድሃለሁ።»

ይህን ያሉት ሻያቸውን እያማሰሉ ነው። ጓደኛዬ ግን ቃል አድርጎ ያዘው።

እንዲህ ያደረገው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመግባት ያልደበደበው በር አልነበረም። ቀን የሚያስተምሩት ዕድሜህ አልፏል አሉት። ማታ የሚያስተምሩት የስድስተኛ ክፍል ወረቀት አምጣ አሉት። ጎጃም ውስጥ ከደብር ደብር ሲዞር ጾመ ድጓ ተምሯል፤ ቅኔ ቆጥሯል፤ ባሕረ ሐሳብ ጠንቅቆ ያውቃል። የየዓመቱን ጾምና በዓል ቀን ጣቱን እያጠፈና እየዘረጋ ያወጣል። ለዚህ ሁሉ ግን ማንም መዝጋቢ የሚያይለት ወረቀት የለውም። ከመምህሩ አንደበት የወጣችው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በሕይወቱ ውስጥ ግባ ያለችው የመጀመሪያዋ ነገር ነበረች።

ሕጉን በክረምቱ አገኘው። እንዴት እንዳገኘው አይቻለሁ፤ ግድግዳችን እንደ ሰፈሩ ቤት ሁሉ በጋዜጣ የተለበጠ ስለሆነ ከጋዜጣው ዓምድ ዓምድ መካከል በእርሳስ እየጻፈ ነው የሚሠራው። በመጀመሪያ ከአምስት ተነሣ። አምስት፤ ሁለት ሲጨመርበት ሰባት፤ አራት ሲጨመርበት አሥራ አንድ፤ ስድስት ሲጨመርበት አሥራ ሰባት። ሁሉም ብቸኛ ናቸው። ስምንት ሲጨምርበት ሃያ አምስት መጣና ተበላሸ። ሰረዘው። ከአሥራ አንድ ተነሣ፤ ረዘም አለለትና መቶ ሃያ አንድ ላይ ተበላሸ፤ አሥራ አንድ ጊዜ አሥራ አንድ መሆኑን በቃሉ ስለሚያውቀው መግደፍ እንኳ አላስፈለገውም። እሱንም ሰረዘው። ከዚያ ከአርባ አንድ ተነሣ።

ቁጥሩን የሚጽፈው በግዕዝ አኃዝ ነው። ፵፩፣ ፵፫፣ ፵፯፣ ፶፫፣ ፷፩፣ ፸፩ እያለ ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ሄደ። ሁልጊዜ የሚጨምረውን በሁለት እያሳደገ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ መሰላል አልነው። መሰላሉ መቶን አለፈ። ሁለት መቶን፣ አምስት መቶን፣ ሺህን አለፈ። አንድም ቦታ አልተበላሸም። ጣሪያው ላይ ሲደርስ ከአልጋው ራስጌ እንደገና ጀመረ። ያ ጽሑፍ እስካሁን አለ። እኔ አሁንም በዚያችው ክፍል ነው የምኖረው፤ እሱ ዛሬ የት እንዳለ ግን አላውቅም።

እያንዳንዱን ቁጥር የሚመረምረው በተማረው መንገድ ነው። በባሕረ ሐሳብ መግደፍ የሚሉት አለ። ዓመቱን ይዘህ አሥራ ዘጠኝ አሥራ ዘጠኝ እያልክ እየጣልክ ትሄዳለህ፤ በመጨረሻ የቀረውን ተረፈ ብለህ ትይዛለህ። እሱም መሰላሉ ላይ ያለውን ቁጥር በሦስት ይገድፋል፣ በአምስት ይገድፋል፣ በሰባት ይገድፋል፤ እንዲህ እያለ የሚገድፍበት ቁጥር በራሱ ተባዝቶ የሚመረምረውን ቁጥር እስኪያልፍ ድረስ ይቀጥላል። ሁልጊዜ የሚተርፍ ነገር ካለ ቁጥሩ ብቸኛ ነው። ፍጥነቱ ያስደንቃል። እኔ አንዱን ብርጭቆ ሳጥብ እሱ ሦስቱን ገድፎ ይጨርሳል።

መስከረም ሲጠባ መምህሩ ከዕረፍት ተመለሱ። ሕጉን እንዳገኘ ነገራቸው። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ይዘህልኝ ና አሉት፤ ምዝገባው የሚዘጋውም ሰኞ ነበር። በዚያው ሳምንት የፊደል ማስቆጠሩን ሥራ ለሌላ ደብተራ ለቀቀ። አገሩ ለሚገባ መንገደኛ «ለአባቴ ትምህርት ቤት ገብቷል በልልኝ» ብሎ ላከ። ተው፣ ትንሽ ቆይ አልኩት። «አርባ ምናምን ቁጥር ቆሞ ሲመሰክርልኝ ምን ልጠብቅ?» አለኝ። ጃኬቱን አጥቦ ግቢው ውስጥ አሰጣው።

እሑድ እሱ ሊያስቀድስ ሲሄድ እኔ ቤት ቀረሁ። ሥራ አልነበረኝም። ስለ መሰላሉ ግጥም ልጽፍ ሞከርኩና እምቢ አለኝ። ቁጥርን በዓይን ሳላይ የምጽፍ አይደለሁምና ከግድግዳው ላይ አንዱን ትልቅ ቁጥር መርጬ በቆርኪ እንዴት አልሰለፍ እንደሚል ልየው አልኩ። የመረጥኩት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰማንያ አንድን ነው። የመረጥኩበት ምክንያት አጻጻፉ አምሮኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በስንት በስንት ልደርድር ብዬ ሳስብ ከመሰላሉ እግር ከአርባ አንድ ልነሣ አልኩ። ቆጥሬ ደርድሬ ስጨርስ ወለሉ ላይ ያ አራት ማዕዘን ተኝቷል።

ጓደኛዬ ሲመለስ ያየው ይህንን ነው። እናም ተርፏል ይለኛል።

መጀመሪያ የሚዋሽ መሰለኝ። በኋላ ፊቱን ሳይ ከልቡ እንደሆነ ገባኝ። እትዬን ከሸኘን በኋላ በትዕግሥት፣ ለፊደል ልጅ እንደሚያስረዳ ያስረዳኝ ጀመር።

«አየህ፣ ስትገድፍ ባዶ አትመጣም። ዓመቱን ለአሥራ ዘጠኝ ገድፈህ ምንም ካልቀረህ ምንም አልቀረኝም አትልም። ያንኑ አሥራ ዘጠኙን ተረፈ ብለህ ትይዘዋለህ። መምህሬ እንዲህ ነው ያስተማሩኝ። የሳቸውም መምህር እንዲሁ። ባዶ ብለህ ከያዝክ በዓሉን ከየት ታወጣዋለህ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። በትምህርቱ ልክ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሕግ ነው። ለበዓል ማውጫ የተሠራውን ሕግ ሳያስበው ለብቸኞቹ መመርመሪያ አደረገው። በጻፈበትም አኃዝ ባዶ የሚባል ምልክት የለም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ስህተቱ የሚታይበት ቦታ አለማግኘቱ ነው። ከአርባ አንድ ጀምሮ እስከዚህ ድረስ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ የእውነት ብቸኛ ስለነበሩ ሲገድፋቸው ሁልጊዜ የእውነት ተረፈ ያገኝ ነበር። ሲገድፍ ባዶ የመጣበት የመጀመሪያው ቁጥር ይህ ነው። ባዶ ሲመጣበት እጁ እንደለመደው አርባ አንድን ተረፈ ብሎ ያዘና ወደ ላይ መውጣቱን ቀጠለ።

ከጆንያው ዘጠኝ ቆርኪ አወጣሁና ብርድ ልብሱ ላይ ሦስት ሦስት አድርጌ ደረደርኩ።

«ዘጠኝ ብቸኛ ነው?»

«አይደለም።»

«ለምን?»

«ሦስት ሦስት ነዋ! ልጅ መሰልኩህ እንዴ?»

«በሦስት ግደፈው እስቲ።»

በግድግዳው ጥግ ጥግ ተራምዶ መጣና አንዱን ረድፍ አነሣ። ሁለተኛውን አነሣ። ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

«ስንት ተረፈ?» አልኩት።

ሦስቱን ቆርኪዎች አየ፤ ዞሮ ወለሉን አየ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ምናለ ያን ጊዜ ብትሰድበኝ ብዬ ተመኘሁ። ከአራዳ ልጅ ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ፤ ስድብ መመለስ እችልበታለሁ። ዝምታ ግን አልችልም።

«አንድ ቆርኪ በስህተት ጨምረህ ይሆናል» አለኝ።

«እንቁጠረው።»

ረድፍ በረድፍ ቆጠርነው። እሱ በዜማ ነው የሚቆጥረው፤ ድምፁ እየወረደ ሄደ። ልክ ነበር።

«ቀጣዩን እንየው» አለኝ። ከመሰላሉ የሚቀጥለው ሰማንያ ሁለት ተጨምሮበት የሚመጣው ነው። ሰማንያ ሁለት ቆርኪ ቆጥሬ ሰጠሁት። ራሱ በርከክ ብሎ ደረደራቸው። ሁለት ሙሉ ረድፍ ሆኑ። ምንም አልቀረም። እንደገና ሰማንያ አራት ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ሁለት ረድፍ ሞላና ሁለት ቆርኪ እጁ ላይ ቀሩ። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ በርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ ልረሳው ያልቻልኩት ያንን ብርሃን ነው።

«አየህ? ይኼኛው ደህና ነው! የከዱኝ ሁለቱ ብቻ ናቸው!»

«የኔታ፣ ሕጉ የማይሳሳት ነው ብለህ እኮ ነው የነገርካቸው።»

«እስከ አርባኛው አይሳሳትም። እስከ አርባኛው ብቻ ጽፌ እሄዳለሁ።»

«ቀጥል ቢሉህስ?»

«አይሉኝም።»

«ቢሉህስ?»

«ዝም እላለሁ።» ሁለቱን ቆርኪዎች ጨበጣቸው። «አንተ ምን አለብህ? ግጥምህን ማን መጥቶ በቆርኪ ያፈርስብሃል? ቢያምርም ግጥም ነው፤ ባያምርም ግጥም ነው። እኔ ግን ያለኝ ይኼ ብቻ ነው።»

ልመልስለት የምችለው ነበረኝ። ግጥሜን አንድ ጋዜጣ ቢሮ ወስጄ የበሩ ዘበኛ ራሱ አንብቦ «ይኼ አይሆንም ወንድሜ፣ ሌላ ሞክር» ብሎ እንደመለሰኝ አልነገርኩትም ነበር። የኔን ግጥም እንደሱ ቁጥር የሚመዝን ሰው አላገኘሁም፤ ማፍረስ እንኳ የሚያውቅ አንባቢ ይጠይቃል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የኔ ብሶት ከሱ ጋር የሚቆጠር አልነበረም። እሱ ትምህርት ቤት ቢገባ እኔም አንድ ቀን የሆነ በር የሚከፈትልኝ ይመስለኝ ነበር። ቆርኪውን ወደ ጆንያው መለስነው።

ሰኞ ጠዋት አብሬው ሄድኩ። ና አላለኝም፤ ተውም አላለኝም። የታጠበው ጃኬት እጅጌው ላይ አጥሮ ነበር። በፒያሳ አድርገን ወደ አምስት ኪሎ ስንወጣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች እየተላፉ ያልፉናል። አንዱ ትንሽ ልጅ ጓደኛዬ ራሱ ላይ ጥምጥም አስመስሎ ያሰረውን ፎጣ አይቶ «ፋራ!» ብሎ ሮጠ። ጓደኛዬ አልሰማም፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቁጥሮቹን በቃሉ እየወጣቸው ነው።

ዘበኛው የምን ጉዳይ ነው አለን።

«መምህሩ ጠርተውኛል» አለ ጓደኛዬ። ቀና ብሎ ነው ያለው።

መምህሩን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጫፍ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ የደብተር ክምር አርመው ሳይጨርሱ አገኘናቸው። ተነሥተው ጨበጡን፤ ወንበር ሰጡን። ጓደኛዬ ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበ። በኔ እርዳታ በፈረንጅ አኃዝ የተጻፈ፣ አርባ ቁጥር ብቻ ያለበት ወረቀት ነው። መነጽራቸውን አስተካከሉና ማንበብ ጀመሩ። አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሰባት። በጣታቸው እየተከተሉ ነበር። አሥረኛው ገደማ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ወረቀቱን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ጣሪያውን እያዩ ቀጠሉ።

«መቶ ሃምሳ አንድ። መቶ ሰባ ሦስት። መቶ ዘጠና ሰባት። ሁለት መቶ ሃያ ሦስት...»

ጓደኛዬ ፈገግ አለ። በቅኔ ቤት አንዱ የጀመረውን ሌላው ተቀብሎ ሲያዜምለት እንደሚሰማው ያለ ደስታ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ያውቁታል?» አላቸው።

«አውቀዋለሁ። የአያቴ አያት ሳይወለድ የአውሮፓ ሰው አግኝቶታል። ኮሌጅ ሳለሁ በቃሌ ያዝኩት።» ወረቀቱን ገልጠው እንደገና አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንተ ግን ከማንም አላየህም? ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ወይ ጉድ!» አሉ በአማርኛ። ወደኔ ዞሩ፤ «ብቻውን?» አሉኝ እንደገና። አዎ አልኳቸው። ከደብተሮቹ ላይ ቀይ እስክሪፕቶ አነሡ። «እንግዲህ ንገረኝ። ይህ የት ላይ እንደሚሰበር ታውቃለህ?»

ዝም እላለሁ ብሎ ነበር። እኔም ዝም እንዲል እየጠበቅኩ ነበር። እሱ ግን፣

«አርባ አንድ በአርባ አንድ» አለ።

መምህሩ ጠረጴዛውን መቱት፤ በደስታ ነው የመቱት። «ልክ ነው! ማን ነገረህ?»

«ወለል ላይ አየሁት።»

ከልባቸው ሳቁ። ተነሥተው ትከሻውን ያዙት። ጎበዝ አሉት፤ እንዲህ ያለ ተማሪ በአሥር ዓመት አንዴ አይገኝም አሉት። እኔ ሞኙ ይህን ስሰማ ልቤ ተነሣ። ዳይሬክተሩ ጋ ሊወስዱት ነው ብዬ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። እሳቸው ግን ተመልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይዤህ እገባ ነበር። አሁን ምን ልበላቸው? ዳይሬክተሩ ወረቀት ነው የሚጠይቁት። ስድስተኛ ክፍል ተፈተን፤ ከዚያ ና።»

«ስድስተኛ ክፍል ለመፈተን የት ልማር?»

«ከልጆቹ ጋር...» ብለው ጀመሩና ፊቱን ሲያዩ ተዉት። ጢሙን አዩ፤ ያጠረውን እጅጌ አዩ። «መጽሐፍ አውስሃለሁ» አሉት።

ውጭ ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ናቸው። ተራ በተራ ስማቸው ሲጠራ በመስኮቱ ይሰማል። ጓደኛዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። እንዲያ ሲቀመጥ ከመምህሩ ፊት የተቀመጠ የቆሎ ተማሪ ይመስላል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ከአርባ አንድ ሌላ እግር ቢገኝለት፣ የማይሰበር መሰላል መሥራት ይቻላል?»

መምህሩ ቀዩን እስክሪፕቶ አስቀመጡት። ሊዋሹለት የፈለጉ መሰለኝ፤ ደግ ሰው ናቸው። ከዚያ ግን የሒሳብ መምህር መሆናቸው በለጠ።

«አይቻልም። እንዲህ በመደመርና በማባዛት የሚሠራ መሰላል ሁሉ፣ የትም ብትጀምረው፣ አንድ ቦታ ይሰበራል። ይህም የታወቀ ነው።»

«ማንም ቢሠራው?»

«ማንም ቢሠራው።»

«አንድ መቶ ዓመት ቢሠራው?»

«አዝናለሁ» አሉት።

ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀ። የተቀበለ ሰው አነቃነቅ ነበር። እሑድ ከኔ ጋር ያን ያህል የተሟገተው ሰው እዚህ አንዲት ቃል አላወጣም። መሟገቱን በወደድኩለት። እኔ ልናገርለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃላት ሥራዬ ናቸው ብዬ የምኮራው ሰውዬ ምን እንደምል አጣሁ። ባሕረ ሐሳብ ያውቃል ልበል? ፊደል ማስቆጠሩን ለቋል ልበል? አባቱ ትምህርት ቤት ገብቷል ብለው ለጎረቤት እያወሩ ነው ልበል? እሱ ባይኖር እላቸው ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ግን እንዴት ብዬ ልለምንበት?

መምህሩ ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ መዘዙ፤ ወረቀቱን እላዩ ላይ አድርገው ሁለቱንም ዘረጉለት።

«ውሰድ። ወረቀትህንም ያዝ። ጥሩ ሥራ ነው፤ አትጣለው።»

ተነሣ። መጽሐፉንም ወረቀቱንም አልተቀበለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሣቸው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላቸው። ወደኔ አልዞረም። ለታላቅ ሰው ጀርባ ስለማይሰጥ ወደ ኋላው እየሄደ እጀታውን በዳበሳ አገኘው። መምህሩ እጃቸው እንደተዘረጋ ነበር። እኔ ከወንበሩ ስነሣ እሱ ወጥቶ በሩን ዘጋው።